ባትሪውን የሚጠባው

ሰኞ
መኪናዬ ዛሬም አልነሳ አለች። ቁልፉን ሳዞረው ጭጭ። ባትሪው እኮ ገና አዲስ ነው። አንድ ጎረቤት በኬብል አስነሳልኝና ሥራ አርፍጄ ገባሁ። የዎርክሾፑ ኃላፊ ጋሽ ደጀኔ፣ "የኤርፖርቱን ትራክተር ሁሉ እያስነሳሽ የራስሽ አቃተሽ?" ሲሉኝ ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

ባሌን ቴዎድሮስን ትቼ እህቴ ሰላም ጋ ሰሚት ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉትን ማደንዘዣ መርፌ መላ ሰውነቴን የተወጋሁ ይመስለኛል።

ማክሰኞ
ዲናሞውን ለካሁት። በደንብ ይሞላል። እንግዲያው መኪናዋ ጠፍታ ቆማ ሳለ አንድ ነገር ኮረንቲ እየጠባ ነው። የበር መብራት? ይጠፋል። የፖርታባጋሊዮው? ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ ውስጡ ዘጋሁበት። ጨለማ። እሱም አይደለም።

ሰላም ከፎቅ ሆና፣ "አንቺ፣ ሸጠሽ አትገላገያትም?" አለች። የአባባ መኪና መሆኗን ረስታ አይደለም።

ረቡዕ
ምንም አልሠራሁም። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሰላም "ብዪ እንጂ" አለችኝ፣ በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ግን ፈትቼዋለሁ።

ሐሙስ
ኔጌቲቩን መልሼ አሰርኩ። ወዲያው ተነሳች። ስለዚህ ባትሪው ጤነኛ ነው፣ የሚጠባው ሌላ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ
ቴስተሩን በባትሪውና በኬብሉ መሃል አስገብቼ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ንባቡ ንቅንቅ አላለም። የቴፑን ፊውዝ ስነቅል ግን ዝቅ አለ።

ቴፑን አወጣሁት። ፊውዙን ስመልስ አሁንም ይጠባል። ከቴፑ ገመድ ላይ የተቀጠለ ቀጭን ሽቦ አየሁ። ተከተልኩት። ከዳሽቦርዱ ሥር በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ትንሽ ሳጥን። ፈታሁት። ሲም ካርድ አለበት። ጂፒኤስ ነው። የራሱ ባትሪ አብጦ ስለተበላሸ መኪናዋን ያለማቋረጥ ይጠባል።

ቴፑን አምና ያስገባልኝ ቴዎድሮስ ነው። በስጦታ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እዚህ በገባሁ ሰሞን ማንም አድራሻውን ሳይሰጠው በር ላይ የቆመው ለዚህ ነው። ያኔ የግቢው ዘበኛ ነግረውት ይሆናል ብለን ነበር፤ ሰላም እስከ ዛሬ ሰላምታ ነስታቸዋለች። ሳጥኑን ሳሳያት አፏን በእጇ ያዘች። "እኔ ልገለው ነው" አለች። እኔ ሽቦውን መጠቅለል ጀመርኩ።

እሑድ
ቴዎድሮስ ደወለ። ለወራት ደውሎ አያውቅም።
"መኪናዋ ደህና ናት?" አለኝ።
"ምን ሆነች አሉህ?"
"እንዲሁ፣ አሮጌ ስለሆነች ነው" አለ።
"አግኝቼዋለሁ" አልኩት። ዘጋሁት። ሰላም እስክትይዘኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ።

ማክሰኞ
ትናንት ሥራ አስፈቅጄ ከሰላም ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የተቀበለኝ መርማሪ ሳጥኑን እያገላበጠ፣ "ባልሽ አይደል እንዴ ያስገባው?" አለኝ። ሰላም ልትጮህ ስትል እጇን ያዝኩና፣ "ነው። ሳላውቅ ነው ያስገባው። ይጻፍልኝ" አልኩ። ጻፈ። ምን እንደሚሆን አልነገረኝም፤ "እንጠራሻለን" ብቻ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልታጠፍኩም። በአያት በኩል ዝም ብዬ ነዳሁ። ሕንጻው እየሳሳ፣ ማሳው እየበዛ ሲመጣ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ፈራሁ። ፍርሃት ከተሰማኝ ስንት ጊዜዬ! መስኮቱን ዝቅ ሳደርገው የእርጥብ መሬት ሽታ ገባ።

የት እንዳለሁ ማንም አያውቅም። ትንሽ ቆይቼ ለሰላም ደወልኩና ራሴ ነገርኳት።