የዳልቻ መድኃኒት

ጥቅምት 11
ዝናቡ ቆመ። ከመስጊድ ስመለስ የዳልቻ ውሃ መጠጫ ባዶ ነበር። ሞላሁት። ሳይረፍድ ደግሞ ባዶ... ሚስቴ ዙቤይዳ ከጓዳ ሆና፣ "ይሄ ውሻህ ወንዝ ነው እንዴ የሚጠጣው?" አለች። እንጃ። ሆዱም ተነፍቷል። ጀርባው ላይ ጸጉሩ ሳስቷል። እርጅና ይሆናል። እኔስ መቼ ጸጉር ተረፈኝ?

ጥቅምት 14
በረንዳው ላይ ሸና። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ዙቤይዳ ወለሉን በበረኪና አጠበችው። ሳትቆጣ። የገረመኝ ይሄ ነው።
አጋሮ የቡና መጋዘን ኃላፊ ሳለሁ ጆንያ መሃል የተወለደ ቡችላ ነው። ጡረታ ስወጣ ይዤው ጅማ፣ ወደ ጊንጆ ሰፈር መጣሁ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም" አለች። "ቤት አይገባም፣ ግቢ ነው የሚጠብቀው" አልኳት። በዚሁ ተስማማን። እስከ ዛሬ እጇ ነክቶት አያውቅም።

ጥቅምት 18
የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ባጃጆቹ ውሻ ሲያዩ ነድተው ያልፋሉ። አንዱን ሹፌር፣ ጆንያ አነጥፋለሁ ብዬ ለመንኩት።
ዶክተር ናዝራዊት ትባላለች። ወጣት ናት። ሆዱን ዳበሰች፣ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ አየች። "አባባ፣ ውሃ ያበዛል? ያለከልካል?" አዎ። አዎ። "ከኩላሊቱ አጠገብ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ሆርሞን ያመነጫሉ። የሱ ከልክ በላይ የሚያመነጩ ይመስለኛል።" ደም ቀዳች። አዲስ አበባ ተልኮ ይመረመራል።
ሆርሞን... ውሻም አለው እንዴ?

ጥቅምት 27
ውጤቱ መጣ። እንደጠረጠረችው ነው። መድኃኒት አለው፤ ጅማ ግን አይገኝም። አያድነውም፣ ያቀልለታል። በየቀኑ ከምግብ ጋር፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ። "ከበዛበት ይጥለዋል። ስላረጀ እፈራለሁ። ባይታከምም ግን እየደከመ ነው የሚሄደው። ያስቡበት አባባ።"
መንገድ ላይ አሰብኩበት። ይብቃው። ጥርሱ አልቋል፣ ዓይኑ ፈዟል... በመድኃኒት ማሰቃየት ምን ይሉታል? ለዙቤይዳ ነገርኳት። እፎይ ትላለች ብዬ።
"ይታከም" አለች።
"ምን አልሽ?"
"አፍ የለው፣ አመመኝ አይል። መድኃኒት እያለ ዝም ብለነው አላህ ፊት ምን ልንል ነው?"
"አንቺ ነሽ ይሄን የምትይው?"
"እኔ ነኝ።"


ጥቅምት 28
ልጃችን ሱፊያን ከአዲስ አበባ ደወለ። እናቱ ቀድማኝ ነግራዋለች። "መድኃኒቱን ፈልጌ እልካለሁ፣ አባ። ስትነግረኝ አልቅሳለች" አለኝ።
አልቅሳለች? ለዳልቻ?
ጠየቅኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። "አንተ ሐጅ የሄድክ ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ከሱ ጋር ነበር የማወራው።"
"ምን ትይው ነበር?"
"ያንተን ሐሜት።"

ኅዳር 6
መድኃኒቱ በአውቶብስ መጣ። ዙቤይዳ እንክብሉን በሥጋ ጠቀለለች። እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃ ጎንበስ አለች። "ኮቱ፣ ኮቱ አባኮ" አለችው፣ በእናቷ ቋንቋ። ና አባቴ ማለቷ ነው። ለልጃችን እንኳ በዚህ ድምፅ ስታወራ ከሰማሁ ቆየሁ። ሽማግሌው ጅራቱን እየቆላ ሄደላት። ዋጠው።
ገብታ ለሰላት ታጠበች፣ ውዱእ አደረገች። እኔ ዞር አልኩ። ዓይኔ ለምን እንደረጠበ እንጃ።

ኅዳር 13
ውሃው ተርፎ አደረ! ማለክለኩም ቀነሰ። ቡና የጫነ መኪና ሲያልፍ ተነስቶ እስከ በሩ ሮጠ። ሩጫ እንኳን አይባልም... ግን ጮኸ። ተሳስቼ ነበር። አንዳንዴ መሳሳት ደስ ይላል።

ኅዳር 14
ዛሬም ሮጠ።

ኅዳር 19
ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት ስመለስ ተዘርሮ አገኘሁት። አስታውኳል። ላቆመው ብል እግሩ ከዳው። ሥጋ ብንሰጠው ፊቱን አዞረ። ደወልኩ። ዶክተሯ፣ "እንክብሉን እንዳትሰጡት! አሁኑኑ አምጡት" አለች።
ግሉኮስ ሰካችለት። መድኃኒቱ በዝቶበታል። ሆርሞኑ ከሚያስፈልገው በታች ወርዷል። ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። ልጅቷ ምን ታድርግ... አስቀድማ ነግራኛለች።
ዙቤይዳ አብራኝ ነበረች። ፌስታሉን ከነመኖሩም ረስታዋለች። ጭንቅላቱን በባዶ እጇ ደግፋ ይዛ ቆየች። ለሃጩ ቀሚሷ ላይ ወረደ። አልጠረገችውም።

ኅዳር 22
ቤት ገባ። ይቆማል፣ ግን ይንገዳገዳል። ዶክተሯ፣ ሲያገግም በትንሹ እንደገና መጀመር ይቻላል ብላለች፣ በቅርብ እየተከታተልነው።
"እንጀምራለን" አልኩ፣ ወዲያው።
ቤት ስንደርስ ዙቤይዳ የግቢውን በር ዘጋች። ከዚያ፣ "ይበቃዋል፣ ቲጃኒ።"
"ይታከም ያልሽው አንቺ! ሲሮጥ አላየሽም?"
"አየሁ። ሲወድቅም አየሁ። ያኔ ለሱ ብዬ ነው። አንተ አሁን ለራስህ ነው የምትፈልገው።"
ተናድጄ ወጣሁ። በእግሬ እስከ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ሄድኩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፉኛል። እኔ ደግሞ ብቻዬን አወራለሁ... ስመለስ ዳልቻ ፀሐይ ላይ ተኝቷል። ጠራሁት። ጆሮውን ብቻ አነቃነቀ።
እውነቷን ይሆን?

ኅዳር 24
እንክብሎቹን ለዶክተር ናዝራዊት መለስኩላት። ለሌላ ይሁን። "አልፈርድብዎትም አባባ። ሕመም ከጠናበት ይደውሉልኝ፣ እመጣለሁ" አለች። መንገድ ላይ ልመለስ ልመለስ አለኝ። አልተመለስኩም።

ታኅሣሥ 2
ጥማቱ ተመለሰ። ማለክለኩም። ውሃውን የምትሞላው ዙቤይዳ ናት። አዳሩ በረንዳው ላይ ሆኗል፣ በሷ ፈቃድ። አሮጌ ጋቢዬን አነጠፈችለት። ሳትጠይቀኝ።

ታኅሣሥ 11
ጠዋት መተንፈስ ከበደው። ዶክተሯ ግቢ ድረስ መጣች። የሕመም ማስታገሻ ወጋችውና ከአጠገባችን ተቀመጠች። "ብዙ አይቆይም" አለች። አጉረመረመ፣ እግሮቹን አወራጨ፣ ከዚያ ጋብ አለለት። እጄን ሊልስ ሞከረ፣ ምላሱ አልደረሰም። እኔ አስጠጋሁለት።
የከሰዓቱ የአሱር ሰላት ሳይደርስ ሄደ።
ከግቢያችን አቮካዶ ሥር ቆፈርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ዙቤይዳ አካፋውን ተቀበለችኝ።
መድኃኒቱን ብንቀጥል ኖሮስ?

ታኅሣሥ 12
ምንም።

ታኅሣሥ 20
ጎረቤታችን ቡችላ ላምጣላችሁ አለ። ዙቤይዳ፣ "አላህ ይስጥልን፣ ይቅር" አለችው።
ከአሱር በኋላ ግቢ ተቀመጥን፣ ጎን ለጎን። ይሄም አዲስ ነው። በፊት እሷ ጓዳ፣ እኔ ደጅ ነበርን።
"ቲጃኒ" አለች።
"ወይ።"
"እኔ አንድ ቀን እንደሱ ከሆንኩ ከሐኪም ሐኪም አታንከራተኝ። ሱፊያን ቢልህም እሺ እንዳትለው። እዚሁ ቤቴ ልሁን።"
 አንገቴን ነቀነቅኩላት። 
ቆይቼ፣ "እኔስ?" አልኳት።
"አንተ ምን?"
"እኔ ከሆንኩስ? ይበቃዋል ትያለሽ?"
ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። 
"አልልም" አለች።