ክርስትና ያልተነሣችው እህትህ

ልጄ አድማሴ፣ ለነፍስ አባቴም ለሟች አባትህም ነግሬ የማላውቀውን ላንተ ልጻፍልህ፦ እግዚአብሔርን እፈራዋለሁ እንጂ መውደዴን አላውቅም።

ይህን ካልሁ በኋላ ሰላምታ ማቅረብ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ሳልጠይቅህ አላልፍም። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? የጅማ ዝናብ ደረትህን አልጎዳውም? ሚስትህ ጥሩብርሃን ከወሊዱ አገገመች? ለሕፃኗስ ጡት ይበቃታል? ያላየኋት የልጅ ልጄ ይታይሽ መሣቅ ጀመረች ወይ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ርጥበቱ ይዞታል። ርብ ወንዝ ዘንድሮም ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ባሕር አድርጎታል። ከብቶቹን ወደ ጉብታው አውጥተናል።

ደብዳቤህን ጎረቤታችን አንለይ ከባሕር ዳር አመጣልኝ። ፊደልን ያንተን ደብተር እያየሁ የለቀምሁ ነኝና ለሌላ ሰው ሳላስነብብ ራሴ አነበብሁት፤ እንኳንም አላስነበብሁ። «እግዚአብሔር የለም፤ ልጄንም ክርስትና አላስነሣም» ትላለህ። «ቢኖርና ደግ ቢሆን ሕፃን አይቀጣም፤ ጨካኝ ከሆነ ደግሞ ለጨካኝ ለምን እንሰግዳለን?» ትላለህ። ልጄ፣ ለጨካኝ መስገድማ አገራችን ያውቅበታል። ለጭቃ ሹሙ እጅ ስንነሣ የኖርነው ደግ ነው ብለን ነው? ጎተራችንን እንዳይነካብን ነው። ደብዳቤህ ከመጣ ወዲህ መብረቅ ባበረቀ ቁጥር ወደ ጅማ የሚሄድ ይመስለኛል።

ካንተ በፊት እህት ነበረችህ። ማንጠግቦሽ እንላት ነበር። ክርስትና የምትነሣበት ሰማንያ ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በነሐሴ፣ ታመመች። የታመመን ሕፃን ቄስ ቀኑን ሳይጠብቅ ያጠምቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከውሃው ማዶ ነበር። አባትህ ዋኝቶ ተሻግሮ ቄሱን ማዶ በነበረው ታንኳ ሊያመጣ ልብሱን ሲያወልቅ ወገቡን ያዝሁት። «አንቺ ሴት፣ ልቀቂኝ! ልጅቱ እያለቀች ነው» አለኝ። «ነገ ይጎድላል» አልሁት። በነጋታው ውሃውም አልጎደለ፣ እሷም አልቆየች።

ያልተጠመቀች ናትና ከቤተ ክርስቲያን አትቀበርም ተባለ፤ ከማሳችን ዳር ከሾላው ሥር ቀበርናት። ክርስትና ስም ስለሌላት በጸሎት አትጠራም። በየክረምቱ ውሃው ይደርስባታል፤ ቄስ ያልባረከው ውሃ። ሰው «ሙላት ከለከላቸው» ይላል፤ አባትህም እስኪሞት እንዲያው ሲል ኖረ። የከለከልሁት እኔ ነኝ።

ንስሐ ልገባ በነፍስ አባቴ በአባ ገብረማርያም ፊት ስንት ጊዜ ተንበረከክሁ። ነገር ግን ያን ቀን አባትህን ውሃ ቢወስደው አንተ አትወለድም ነበር። ተጸጸትሁ ልል ስል ያንተ ፊት ይመጣብኛል፤ አልተጸጸትሁም ልል ስል የሷ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ነገር አስመስዬ፣ ሳትጠመቅ የሞተች ሕፃን የት ትሆናለች ብዬ ጠየቅኋቸው። «የሱን ፍርድ ልትመረምሪ ነው? ይልቅ ጥጆችሽ ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ሂጂ አውጪ!» አሉኝ። ሄጄ አወጣሁ።

የማያምን ሰው ሊፈራው ይገባል ወይ ብለኸኛል። የማምነው እኔ ስፈራው ኖሬ ምን አተረፍሁ? መንግሥተ ሰማያትን እንኳ እፈራለሁ፤ እኔ ገብቼ እህትህ ደጅ ብትቀርስ? እኔ እንደምፈራው ከሆነ አንተም እኔም አናመልጥም። ደግ ከሆነ ያንተን ክህደት ይችለዋል። ይታይሽ ግን ገና ምንም አላለች። እመን አልልህም፤ ከሱ ጋር ያለህን ሙግት ግን በሷ አንገት አታድርገው። ሰማንያ ቀኗ ከመስቀል ማግስት ይሞላል። እኔ «ነገ» ያልሁትን አንተ አትበል።

አክስትህ ሸዋዓለም ዓይኗ ቢደክምም አንተን መጠየቅ አልደከማትም፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። አንለይና ሚስቱም እንደዚሁ። አብሮህ የሚያስተምረውን መምህር ስማቸውን እንደ ወንድም ስለያዘህ አመስግንልኝ። የይታይሽን ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ።

ጥሩብርሃን ምን እንዳለች በደብዳቤህ የለም። እኔም ያን ቀን ምን እንዳልሁ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ይህን ወረቀት አንብበህ አታስቀምጠው፤ በእጇ ስጣት።

እናትህ ሸዋነሽ
ወረታ፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ በአድማሴ ካሴ በኩል ለይታይሽ እናት ለጥሩብርሃን፣ ጅማ።