ትኩሳቱን የነገረኝ ማቀዝቀዣ

ለፍላፊዋ ጓደኛዬ፣

ያን ቁጡ አንጀቴን የሚያበርድልኝን መርፌ የምወጋው ዛሬ ነበር። ላወጣው ያረፍኩበትን የእንግዳ ማረፊያ የጋራ ማቀዝቀዣ ስከፍት ቅዝቃዜው ግንባሬን ደስ አለው፤ በሩን ይዤ ቀረሁ። ትኩሳት እንዳለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንቺ ብትኖሪ መዳፍሽ ይነግረኝ ነበር።

ሐኪሜ በስልክ፣ «መድኃኒቱ የሰውነትሽን መከላከያ ያዳክማል። ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ ሳይታወቅ እንዳትወጊው፤ አሁኑኑ ተመርመሪ» አለችኝ። መርፌውን እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከሌላ እንግዳ ቲማቲም አጠገብ ትቼው መጣሁ።

ይኸው ለምርመራ ደም ሰጥቼ የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ውጤት እየጠበቅኩ ነው። ሰው ሁሉ አስታማሚ ይዟል፤ እኔ ቦርሳዬን። አሁን ሲያስነጥሰኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ «ይማርሽ» ያለኝ የለም። እኛ ሰፈር ቢሆን መንገደኛው ሁሉ ይቀባበለው ነበር።

እናትሽን ሳሚልኝ። ይቺን ስታነቢ፣ ቢዘገይም፣ ጮክ ብለሽ «ይማርሽ» በይኝ።