የመሪጌታው ቤት ጠባቂ

ቢቸና፣ የካቲት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለያየህ ታዘበው፤
ፔኪንግ፤

እንደምን ሰነበትህ? ያ የምትለው ብርድ እንዴት አድርጎሃል? እኔና እናትህ ናፍቆትህ ካልሆነ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ጤፉ ገብቷል፤ ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነውና እናትህ ሽሮና በርበሬዋን ታዘጋጃለች። ሌላው ሁሉ ትተኸው እንደሄድኸው ነው።

የእጅ ጽሕፈቱ ተለውጦብህ ይሆናል። እስካሁን የደረሱህን ደብዳቤዎች እኔ እየተናገርሁ የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህርት ሰብለ ወንጌል ነበረች። ይህን ግን በመሠረተ ትምህርት ባገኘኋት ፊደል ራሴ እየታገልሁ ነው የምጽፈው። ነገሩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ከእኔ አፍ ሲወጣ ማንም እንዲሰማኝ አልፈለግሁም። አፍሬአለሁ፣ ልጄ።

ጓደኛህ መጣ። ያ አብሮህ ያድር የነበረው፣ አማርኛ ስታስተምረው የከረምኸው ቻይናዊ፣ ሊን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊማር እየተሰናዳ መሆኑን ጽፈህልን ነበር፤ እኛ ደጅ ይመጣል ብለን ግን በሕልማችንም አላሰብን። ዩኒቨርሲቲው በዓመቱ አጋማሽ ለዕረፍት ሲዘጋ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ፣ ደጀን አድሮ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሮ ከች አለ። እኔ እግሬን ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ የእትዬ ወለተ ሐናን ጋቢ እየሠራሁ ነበር። ቀና ስል አንድ ቀጭን ልጅ ከቀበሌው ከገብረ ሕይወት ጋር ደጃፌ ላይ ቆሟል። አቧራው ቅንድቡን ሳይቀር ቀብቶታል፤ ከኋላው ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ተከትሎታል።

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ «እንደምን ዋሉ? የጓደኛዬን የያየህን አባት፣ መሪጌታ ታዘበውን ፈልጌ ነው። ታላቅ የቅኔ መምህር እንደሆኑ ነግሮኛል» አለኝ።

ገብረ ሕይወት ሳቁ ሲያመልጠው አፉን በጋቢው ሸፈነ። እኔ መጀመሪያ ልጁ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ግን ቀጠለና ስለ ጉባኤ ቤቱ፣ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ጥምጥሙ ሁሉ ሲናገር ገባኝ። የሞጣውን አጎትህን የመሪጌታ አካለ ወልድን ማዕረግ አንሥተህ ከእኔ ስም ፊት አስቀምጠኸዋል። እሳቸው የእናትህ ወንድም እንጂ አባትህ እንዳልሆኑ ልጁ በምን ያውቃል?

«መሪጌታ የሉም» አልሁት። «ለለቅሶ ወደ ሞጣ ሄደዋል። እኔ ቤታቸውን የምጠብቅ ሸማኔ ነኝ።»

ገብረ ሕይወትን በዓይኔ ለመንሁት፤ ዝም አለልኝ። ያዘነልኝ እንዳይመስልህ፤ ጨዋታው እንዳያልቅበት ነው።

ለምን እንዲህ አልህ ብትለኝ፣ አንዱ ምክንያት አንተ ነህ። ልጁ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ በደስታ ነው የመጣው፤ ጓደኛዬ ዋሸኝ ብሎ እንዲመለስ አልወደድሁም። ሌላውን ግን ልደብቅህ አልችልም። ከጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ሽቅብ ሳየው፣ የሰፈሩ ሰውም እያየኝ፣ «አባቱ እኔ ነኝ» ማለት ከበደኝ። በሥራዬ አፍሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አፈርሁ።

እናትህ ከወንዝ ስትመለስ አጥሩ ሥር ጠብቄ ነገሩን ነገርኋት።

«እኔስ ማን ልሁን?» አለችኝ።

«አንቺማ እናቱ ነሽ፤ የመሪጌታ ሚስት።»

«አንተስ?»

«ሸማኔው።»

«ሸማኔውማ ድሮም ነህ» ብላኝ እንስራዋን እንደተሸከመች ገባች። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ልጁን ግን አንተን እንዳገኘች ሆና ነው የተቀበለችው። አገላብጣ ሳመችው፤ አለቀሰችበት። እሱም «እማማ ስንቄ» እያለ ከአጠገቧ አልለይ አለ። እኔ ለእጁ ውኃ አፈሰስሁለት፤ ቀርበው ይብሉ ሲለኝ ሥራ አለብኝ አልሁና ወደ ሸማዬ ተመለስሁ። ደግ ልጅ ነው፣ ያየህ። ጓደኛ መምረጥ ታውቅበታለህ። በሁለት ቀን ውስጥ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም ለየ፤ ከገብረ ሕይወት ጋር ገበጣ ተጫውቶ አሸነፈው፤ ባልቴቶቹ ሳይቀሩ «የእኛ ቻይና» ይሉት ጀመር።

ስለ አንተ ሲያወራ መወርወሪያዬን እያዘገየሁ እሰማለሁ። ስንት የምጠይቀው ነበረኝ። ግን ቤት ጠባቂ ሸማኔ ስለ ሰው ልጅ ይህን ያህል ምን አገባው እንዳይባል ፈራሁ። አንድ ጊዜ ብቻ «ደኅና ይበላል?» አልሁት። «ይበላል፤ ግን ምግቡ ሁሉ ጣፋጭ ሆነብኝ ይላል» አለኝ። ከታንዛንያና ከኔፓል ልጆች ጋር እንደተወዳጀህ፣ ስትላጭ እንደምታንጎራጉር ነገረን። ከዚያ አምና ታኅሣሥ ላይ ሳንባህን ታመህ ሆስፒታል ተኝተህ እንደነበር አወጣው። ለእኛ አልጻፍህልንም። እናትህ ደረቷን ያዘች። እኔ ክሩን በጠስሁት።

ልጁ አየኝ። «እርስዎም ያየህን ይወዱታል» አለኝ።

«ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አልሁት።

በማግስቱ እናትህን ደጃፉ ላይ አቁሞ ፎቶ አነሣት። «እርስዎም ይግቡ እንጂ» ቢለኝ ልብሴ አይሆንም አልሁ። ፎቶው ይደርስሃል፤ እኔን እንዳትፈልገኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ልጁ ግን መሪጌታን ሳላይ አልመለስም አለ። ወረቀቱ እስከ ሞጣ ይፈቅድለታል። ብቻውን ቢሄድ እዚያ ያገኘው ሰው ሁሉ እውነቱን ይነግረዋል። ስለዚህ እኔን ራሴን ፍለጋ እኔው ልወስደው ተነሣሁ። አውቶቡስ ላይ ሻንጣውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ እሱ መስኮቱን እያየ ስለ መሪጌታ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ስመልስ ዋልሁ። ደግ አባት ናቸው ወይ ሲለኝ፣ «አቅማቸው የፈቀደውን ያደርጋሉ» አልሁት።

ሞጣ ስንወርድ አንተ እዚያ ስትማር ስንቅ ይዤልህ የምመጣው ትዝ አለኝ። ከትምህርት ቤቱ በር ሳይሆን ከመስጊዱ ማዶ እንድጠብቅህ ትነግረኝ ነበር፤ እዚያ ጥላ አለ ትለኝ ነበር። እውነትም ጥላ ነበረው። ለአባቱ የሚያስብ ልጅ ነው እያልሁ ቁጭ ብዬ እጠብቅህ ነበር። ነገሩ ዘንድሮ ገና ገባኝ።

አጎትህ ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጁን ከአጥሩ ውጭ አቁሜ ቀድሜ ገባሁና ጉልበታቸውን ስሜ በጆሯቸው ነገርኋቸው።

«ታዘበው፣ ልጅህን ለእኔ ሰጠኸኝ?» አሉኝ።

«ለዛሬ ብቻ ነው፣ መሪጌታ።»

«እኔ አልዋሽም። አንተንም ግን በሰው ፊት አላዋርድህም። አስገባው።»

ልጁ ገብቶ እንደ ተማሪዎቻቸው ከመሬት ወድቆ እጅ ነሣ። እሳቸውም መረቁት። «ያየህ እዚህ ቤት በልቶ፣ እዚህ ቤት ተምሮ ነው ያደገው» አሉት፤ ይህ እውነት ነው፤ ሌላ አልጨመሩም። እስኪመሽ አጫወቱት። ስለ ቅኔ ሲነግሩት ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል ይሰማል፤ እኔ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ፣ «ያየህ ዓይኑ የእርስዎ ነው» አላቸው። አጎትህ ናቸውና ቢመሳሰል ምን ይደንቃል? ሆኖም ወጋኝ። አጎትህ አንገታቸውን ደፉ።

ጠዋት አውቶቡስ ሳሳፍረው እጄን ይዞ፣ «ይህን ያህል ሲደክሙልኝ ስምዎን እንኳ አልጠየቅሁም» አለኝ። ታዘበው ልለው አልችልም። አፌ ላይ የመጣልኝ የአባቴ ስም ሆነና «ውበቴ» አልሁት። «ለያየህ እጽፍለታለሁ፤ አቶ ውበቴ እንደ አባት ተቀበሉኝ እለዋለሁ» አለ። እንግዲህ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ቢደርስህ አያትህ ከመቃብር ተነሥቶ እንዳይመስልህ። እኔ ነኝ።

አሁን ገበያ ስወጣ «መሪጌታ፣ ነጠላዬ መቼ ይደርሳል?» ይሉኛል። እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ? ገብረ ሕይወት እንዳይረሳ ከሩቅ ነው የሚጠራኝ። እናትህ ግን አንድ ቀን ስትሰማው እንስራዋን አውርዳ የወረደችበትን እኔ አልጽፈውም።

አልተቀየምሁህም ብል አታምነኝም። ተቀይሜ ነበር። በየስብሰባው ካድሬው ላብ አደር የተከበረ ነው ይለናል። አንተም ራስህ፣ እዚህ አገር ሠራተኛ የማይናቅበት ነው ብለህ ጽፈህልን ነበር፤ ደብዳቤህን ሰብለ ወንጌል ስታነብልኝ ሁለቴ አስደግሜአታለሁ። እንግዲያ እዚያ እንኳ ስትደርስ ሸማኔ አባት መደበቅ ያስፈልግሃል ብዬ አላሰብሁም። ግን አሁን ቂሜ ወጥቶልኛል። አንተ የካድኸኝ በሌለሁበት ነው፤ እኔ ራሴን የካድሁት በገዛ ቤቴ ነው። ልጄ የሌላ ሰው ነው እያልሁ ሁለት ቀን በቤቴ፣ አንድ ቀን በሞጣ ከረምሁ። እኔ ይህን ያህል ካፈርሁ አንተ ብታፍር ምን ይገርማል? ሞጣ «የሸማኔ ልጅ» እያሉ ሲያስለቅሱህ እንደነበርም አጎትህ ያን ማታ ነገሩኝ። ለእኔ ትንፍሽ አላልህም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁልህ ልጁ ለፋሲካ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ያፈራቸውን ሁለት ጓደኞቹንም ያመጣል፤ መሪጌታንም በገዛ ቤታቸው ማግኘት ይፈልጋል። እኔ እውነቱን ብነግረው አንተን ውሸታም አደርግሃለሁ። ዝም ካልሁ ደግሞ ልጅ የለኝም ማለቴ ነው። ያን ሰሞን ሞጣ ልሂድና ቤቱን ልልቀቅላችሁ ብል እናትህ ቁርጡን ነገረችኝ። «ባሌ አጠገቤ ቆሞ ዳግመኛ ባሌ ሞጣ ነው አልልም። በፋሲካ ዶሮዬን የሚያርደው አባወራዬ ነው» አለች። እሷ ካለች አለች፤ ታውቃታለህ።

ስለዚህ አንተው ጻፍለት። ከበዓሉ በፊት አዲስ አበባ እንዲደርስ ፈጠን በል። ምን ብዬ ልጻፍለት፣ እንዴት ዓይኑን አያለሁ ትል ይሆናል። እሱንም አስቤበታለሁ። «ሥራውን ለማንም እንዳልናገር፣ መሪጌታ ነው እንድል ያስማለኝ አባቴ ነው» በለው። ሲመጣ ይጠይቀኝ፤ አዎ፣ እኔ ነኝ ያስማልሁት እለዋለሁ። ለዚያ ልጅ ያልዋሸሁት የለም፤ አንድ ቢጨመርብኝ አይከብደኝም። የአባቱን ቃል የጠበቀ ልጅ ነው ይልሃል እንጂ በአባቱ ያፈረ አይልህም። ጓደኝነታችሁም አይበላሽም።

ሳንባህን ተጠንቀቅ፤ ደረትህን ሸፍን። ለመንገድ የሠራሁልህ ጋቢ አለ፤ ሰው ሳያይህ ማታ ማታ ልበሰው። ያስጀመረህ አምላክ ያስጨርስህ፤ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርህ፤ በምትቆምበት ሁሉ ቀና ብለህ የምትቆም ያድርግህ። እናትህ ጉንጭህን ስማለች።

አባትህ
ታዘበው ውበቴ