መግቢያ በነጻ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ዝናብ። የአውራጃው አዲስ ብሮሹር መጣ። በሊንከንሺር ያለ ክፍያ የሚዋልባቸው ሠላሳ ቦታዎች። የኛ ሙዚየም ሃያ ዘጠነኛ። ከኛ በታች ያለው ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያለ ደሞዝ ያስጎበኘሁት ለዚህ ነው? ከሰዓት አራት ሰዎች ገቡ። ሦስቱ ሽንት ቤት ጠየቁ። አራተኛው ሳይጠይቅ ራሱ አገኘው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ያቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች። አምስተኛ ረቡዕ መሆኑ ነው። ሰማንያ ያለፋት... ካፖርቷን አታወልቅ፣ ዕቃ ዞር ብላ አታይ። ማሞቂያው ሥር ትቀመጥና የእንቁላል ሳንድዊቿን ትፈታለች። ሙዚየም ውስጥ። እስክንዘጋም አትነቃነቅ። ነጻ ሲባል ሰው ምን ያህል ዓይኑን በጨው ያጥባል?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ምግብ አይፈቀድም አልኳት። እሺ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጀርባዬን ስሰጥ በላችው። የእንቁላል ሽታ ደግሞ መቼ ይደበቃል...

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

የትምህርት ቤት ዕረፍት። ቤቱ ጢም አለ። ከፍለው ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸውን እንዲህ አይለቁም ነበር።

አሥራ አንድ ሰው ሰብስቤ ማስጎብኘት ጀመርኩ። ሁለቱ ጣውላዎች ጋ ደረስን፤ ትሪ የሚያክሉት፣ የብረት ማሰሪያ ያላቸው። እንደ ሁልጊዜው፣ የሣር ጣሪያ የሚከድን ሠራተኛ እንዳይንሸራተት ጉልበቱ ሥር ያደርጋቸው ነበር አልኩ።

"የፈረስ ጫማ ነው።"

ድምፁ ከማሞቂያው በኩል ነው። እሷ። ረግረግ ላይ ፈረሱ እንዳይሰምጥ ኮቴው ሥር ይታሰር ነበር አለች። አባቷ ሲያስር ልጓሙን የምትይዘው እሷ ነበረች። ጫማዎቹ አራት ነበሩ፣ ሁለቱን ረግረጉ ዋጣቸው...

"እመቤቴ፣ እኔ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ" አልኳት።

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተሳስተዋላ።"

ሳቁ። አሥራ አንዱም። ከዚያ እኔን ትተው እሷን ከበቡ።

ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩ። ይህ ሙዚየም እንጂ የአረጋውያን መጠለያ አይደለም፣ ሌላ መሞቂያ ይፈልጉ አልኳት። ፔርሙሷን ከድና ወጣች። ደግ አደረግኩ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26

አልመጣችም። ጸጥታ። ደስ ይላል... ይላል?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ስህተቷን በጽሑፍ ላሳያት ብዬ የዕቃ መዝገቡን አወጣሁ። 1961፦ "የፈረስ ጫማ፣ አንድ ጥንድ፣ ለረግረግ። ሰጪ አልበርት ፒንችቤክ፣ ኖርዝ ድሮቭ።" የጎብኚዎቹን መዝገብ ገለጥኩ። በየረቡዑ ፈርማለች፦ ዊኒፍሬድ ፒንችቤክ፣ ኖርዝ ድሮቭ። የሰጪው ልጅ።

ዘጠኝ ዓመት ይህ መዝገብ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። አንድ ቀን አልከፈትኩትም። የጣሪያ ሠራተኛውን ነገር ማን ነገረኝ? ማንም። ራሴ ፈጠርኩት፣ ራሴ አመንኩት። ደደብ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

ኖርዝ ድሮቭ፣ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ካፖርትና ጓንት አድርገው ነው። ሊወጡ መስሎኝ፣ በመጥፎ ሰዓት መጣሁ ወይ አልኩ።

"የት እሄዳለሁ? የምሄድበትን ከለከሉኝ።"

ሳሎናቸው ውስጥ ትንፋሼ እንደ ጭስ ታየኝ። ማሞቂያው ከገና ወዲህ እንደተበላሸ የነገሩኝ ስለ ጎረቤት ድመት እንደሚያወሩ ሆነው ነው። ማክሰኞ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሞቃሉ፣ ረቡዕ እኛ ጋ፣ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት። ሰኞስ? ሰኞ አልጋ ውስጥ። ብሮሹሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከሠላሳው፣ ቤት ውስጥ የሆኑት ብቻ ተሰምሮባቸዋል...

ይቅርታ ለማለት ተንተባተብኩ።

"ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ከጫማዎቹ አጠገብ የለጠፉትን ጽሑፍ ግን ያርሙት። አባቴ ጣሪያ ከድኖ አያውቅም" አሉ።

ሰኞ፣ ማርች 3

ሰኞ ዝግ ነን። ጠዋት ሄጄ ከፈትኩ፣ ማሞቂያውን አበራሁ፣ ሚስ ፒንችቤክን በመኪናዬ አመጣኋቸው። አዲሱን ጽሑፍ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አስደለዙኝ። የእጅ ጽሑፌንም አልወደዱትም።

ቀትር ላይ የሙዚየሙ ኮሚቴ ሊቀመንበር ደወለ። ባለፉት ሁለት ዓመታት እዚህ እግሩ ያልረገጠ ሰው። አንድ መንገደኛ መብራት አይቶ ነግሮታል። ማን ክፈት አለህ አለኝ። ማንም አልኩ። ሰው በርዶት ነው። ደንብ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ አሠራር አለ... ብዙ አወራ። መጨረሻ ላይ ቁልፉን አስረክብ አለ።

መጥተህ ውሰደው አልኩት። በሩ ክፍት ነው።