ባለ ሃያው ሾትገን

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ፣ የምሳ ሰዓት

ማሽኖቹ ቆመዋል። ጆሮዬ ውስጥ ግን አሁንም ይሽከረከራሉ። ጠዋቱን ሙሉ የሰው ዓይን ስሞርድ አረፈድኩ። ሥራዬን ለራሴ እንዲህ ነው የምጠራው፤ የመነጽር መስታወት መቁረጥና ማለስለስ ነው እንጂ። አንዱን ወፍራም መስታወት ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁበት። ፓርኪንጉ፣ ዛፎቹ፣ የቆሙት መኪኖች ሁሉ ቀልጠው አንድ ቀይ ውሃ ሆኑ። ደስ አለኝ። ደስ ካለኝ ሳምንት አልፎኛል።

እስካሁን አልነገርኩሽም፣ ደብተሬ። ባለፈው ሳምንት ቤታችን ሌባ ገባ። እኔም ገባሁበት። ማሽን ተበላሽቶ ቀደም ብለው ለቀቁን። ከሎረንስ መንገድ ባስ ወርጄ በጓሮ በር ልገባ ስል መዝጊያው ተሰንጥቋል። ገብቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰውየው ደረጃውን እየወረደ ነው። ቀስ ብሎ፣ እንደ ቤተኛ። በትራሴ ልብስ ውስጥ የልጄን የሊዱን ላፕቶፕ ከትቷል። ሲያልፈኝ ትከሻው ነካኝ። ሚንት ማስቲካ ይሸታል። "ሶሪ፣ ማም" ብሎኝ ወጣ።

አልጮህኩም። "ምንም አይደል" ያልኩት ይመስለኛል። በአማርኛ።

ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ባሌ ዮናስ ትራክ ይዞ ዊኒፔግ ነበር፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይደውላል። ትናንት አንድ ሹፌር የመከረውን ነገረኝ። ፓምፕ ሾትገን ግዙ፣ ያን በእጅ ወደ ኋላ እየተሳበ የሚቀባበለውን ጠመንጃ። መተኮስ እንኳ አያስፈልግም፤ ስታቀባብሉት ድምፁን የሰማ ሌባ እግሬ አውጪኝ ይላል። ዮ. ድምፁን በአፉ አሰማኝ። ሽክ-ሽክ። ሳቅኩበት። ስልኩን ስዘጋ ግን እኔም ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ አልኩት። ሽክ-ሽክ።

ደወል ተደወለ። ወደ ዓይኖቼ።


ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

ሕልም። ቤታችን ግድግዳ የለውም። አልጋዬ ሜዳ ላይ ነው፤ ሰው እንደ መንገድ ያልፍበታል፤ ሁሉም ይቅርታ ይጠይቀኛል። የአባቴ ምንሽር ደብረ ማርቆስ ቤታችን እንደነበረው ተሰቅሏል። ግን የተሰቀለው በምንም ላይ አይደለም። አየር ላይ። ላወርደው ስዘረጋ እርጥብ ነው፤ ከሰደፉ ላይ ቅጠል አቆጥቁጧል።

ነቅቼ ሥራ እስክደርስ ድረስ ከሕልሙ አልወጣሁም። ባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሚንት የሚሸት መሰለኝ።

ሊዱ የአባቷን ሐሳብ ሰምታ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቀለች። ማም፣ ሲርየስሊ? ቴክሳስ መሰለሽ? አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ስትፈራ ብቻ አማርኛዋ ይመጣል። በሩን ክፍቱን አሳድረሽው እንዳይሆን እያለች ሦስቴ ስትጠይቀኝ ግን በአማርኛ ነው።

ዮ. ቅዳሜና እሁድ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ ለጠመንጃ ፈቃድ ግድ የሆነውን ኮርስ የምወስደው እኔ ነኝ። ተመዘገብኩ። ለእሱ ብዬ ነው። ለጊዜው እንዲህ እንበል።


ኖቬምበር 9፣ እሁድ፣ ማታ

ኮርሱ አለቀ። ሁለት ቀን። ኪንግስተን ሮድ ላይ ያለ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፤ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ እንዳይተኩሱ የተደረጉ ጠመንጃዎች በሰልፍ፣ ዶናት። ሴት እኔና አንዲት ነርስ ብቻ። አስተማሪው ረስ ይባላል፣ ከኒውፋውንድላንድ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ቃላቱን እያኘከ ሲናገር ግማሹ ያመልጠኛል። እጆቹ ግን ግልጽ ናቸው።

መጀመሪያ ለምን እንደመጣን ጠየቀ። አጋዘን። ዝይ። አጋዘን። ነርሷ፣ ዒላማ። እኔ፣ ለቤቴ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ረስ አልሳቀብኝም። በእረፍት ሰዓት ለብቻዬ ጠርቶ አስረዳኝ፤ እዚህ አገር ላይሰንስ የሚሰጠው ለአደን ወይም ለዒላማ ነው፤ ቤት ለመጠበቅ ብለሽ አትጠብቂው። ከተሰጠሽም በኋላ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ስንቴ እንደሚቆለፍ ሳስብ ያ ሽክ-ሽክ የሚባለው ነገር በጣም ሩቅ መሰለኝ።

ታዲያ ለምን ተነሥቼ አልወጣሁም? ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ፓምፑን አስያዘኝ። የአፈሙዙ ስፋት በቁጥር ነው የሚጠራው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጠመንጃው ይገዝፋል። ባለ አሥራ ሁለቱ ይከብዳል፣ ክንዴ አይደርስም፣ አፈሙዙ ወደ ወለል ያዘነብላል። ባለ ሃያውን ሰጠኝ። ቀለል ያለ፣ ሰደፉ አጠር ያለ። ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጉንጬን አስደገፍኩት፤ ተቀመጠ። ሕፃን ራሱን አንገትሽ ሥር ሲያስገባ እንደሚቀመጠው። ደነገጥኩ፣ እውነቴን ነው። አቀባበልኩት። ድምፁ ዮ. በአፉ እንዳለው አይደለም። ወፍራም ነው፤ በር እንደሚዘጋ።

ፈተናውን አለፍኩ። ወደ ቤት ስሄድ የባሱ መስታወት ላይ ፊቴን አየሁት። የማላውቃት ሴት፤ ደህና ሴት ትመስላለች።


ጃንዋሪ 18፣ እሁድ

የላይሰንሱ ፎርም ከሄደ ቆየ። ዮ. የባል ፊርማውን በደስታ ፈርሟል። ዒላማ ብዬ ስለሞላሁ ውሸት እንዳይሆንብኝ ዒላማ እንተኩስ ያለኝን የረስን ግብዣ ተቀበልኩ። ዛሬ ከሚስቱ ጋር በመኪናቸው ወሰዱኝ፤ ከከተማው ወደ ሰሜን፤ ሜዳው ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፣ በመሐል ቀጭን የዛፍ መስመር። ሰሃን ይመስላል የሚተኮስበት፤ የሸክላ፣ ብርቱካናማ። ማሽን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል።

ረስ አጠገቤ ቆሞ ቢጫ ጥይት አንድ በአንድ ያቀብለኛል። ሳትኩ። ሳትኩ። መነጽሬ በትንፋሼ ጉም ለበሰ፤ ጠረግኩት። ጥራት አለው፣ ራሴ ነኝ የቆረጥኩት። ከዚያ አንዱ ሰሃን ወጣ፤ ቀስ ያለ መሰለኝ፣ የሚጠብቀኝ። ከእሱ ጋር አብሬ ሄድኩ። ትከሻዬ ተገፋ። ሰማዩ ላይ ትንሽ ብርቱካናማ አቧራ ቀረ፣ ተበተነ፣ በረዶ ላይ ወረደ።

ዓለም ሁሉ ጸጥ አለ። የረስ ሚስት አጨበጨበች፤ ጓንት ስላደረገች ድምፅ የለውም።

ደብተሬ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ሌባውን አላሰብኩትም። ከኦክቶበር ወዲህ የመጀመሪያዬ። ግን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሎረንስ ላይ መብራት አስቁሞን፣ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ያን ሰሃን እንዳየሁት ያን ሰውዬ ባየው ኖሮ? እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያ ነው ያስፈራኝ። ወይስ ያኮራኝ? ነገ ይገባኝ ይሆናል።


ፌብሩዋሪ 28፣ ቅዳሜ

ላይሰንሱ ሐሙስ መጣ። ፎቶዬ የታሰርኩ ያስመስለኛል። ዛሬ ሱቅ ሄድኩ። ሻጯ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። ሦስት አወጣችልኝ። አንደኛው ጥቁር፣ አጭር፣ ፊልም ላይ እንደሚታየው፤ ሳየው ራሱ ጥርሴን ነከስኩ። ሁለተኛው አዲስ ባለ አሥራ ሁለት። ሦስተኛው ያገለገለ ባለ ሃያ፣ ሰደፉ የዋልነት እንጨት፤ የሌላ ሰው ጉንጭ ለዓመታት አለስልሶታል። ለምን ትፈልጊዋለሽ አላለችኝም፤ ስንት ሰዓት ትይዥዋለሽ፣ ትከሻሽ ምን ያህል ነው፣ ግራ ዓይን ነው ቀኝ ዓይንሽ የሚመራሽ አለችኝ። ለዓይን ሐኪም መልስ እንደመስጠት ነው። ባለ ሃያውን መረጥኩ። ዮ. ሳያየው አልወስድም አልኳት፤ አስቀምጥልሻለሁ አለች።

ለዮ. ስነግረው ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። አሁን እተኛለሁ አለ። ከኦክቶበር ወዲህ ትራኩ ውስጥ በደንብ ተኝቶ እንደማያውቅ አልነገረኝም ነበር።


ማርች 7፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ጽሑፌ ይህን መስሏል፤ አትፍረጂብኝ።

ሐሳቡ የሊዱ ነው። እንሞክረው አለች። አንቺ አልጋ ላይ፣ እኔ ሌባ። እስኪ ይሠራ እንደሆነ እንየው። ጠመንጃው መጥረጊያ ሆነ፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ። መጋረጃ ዘጋን። ተኛሁ። ለመተኛት መነጽሬን አወለቅኩ፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው። ክፍሉ ለስላሳ ሆነ። ሁሉ ነገር ዳር ዳሩን አጣ፤ ወንበሩ ላይ ያለው ካፖርት የተቀመጠ ሰው፣ መብራቱ ደመና። እንዲህ ያለውን ዓለም እወደዋለሁ። በቀን ለሰው ሁሉ ጥርት ያለውን እየሠራሁ፣ ማታ እዚህ እመለሳለሁ።

ደረጃው ላይ እግሯን ሰማሁ። ተነሣሁ፣ መሳቢያ፣ ቁልፍ፣ ቁም ሳጥን። ዞር ስል አልጋዬ ላይ ተቀምጣለች።

"ማም፣ ቆይቻለሁ እኮ" አለችኝ።

ሳቅን። ከዚያ እኔ እልህ ያዘኝ። ሕጉን ትተን እንሞክር አልኳት። ሳይቆለፍ፣ ጥይት ጎርሶ፣ አልጋ ሥር። እንደገና ወረደች። እንደገና ተኛሁ። እግሯ መጣ። አሁን ፈጣን ነበርኩ። መጥረጊያው ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ፣ ጉንጬ ተደገፈ፣ እጄ አቀባበለ፤ ረስ እንዳስተማረኝ፣ አንዲት ስሕተት የለም። በሩ ላይ ጥቁር ነገር መጣ። ፊት የሌለው። ጣቴ ሳበ።

ከዚያ በኋላ ነው ጥቁሩ ነገር የሳቀው።

"ገደልሽኝ እንዴ?" አለች ሊዱ። በአማርኛ።

"አላየሁሽም" አልኳት። "ልጄ፣ አላየሁሽም።"

ሳቋ ቆመ። መጥታ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት።


ማርች 14፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ዮ. ሐሙስ ሌሊት ገባ። ጠዋት ስነቃ አጠገቤ ነው፤ ናፍጣና ሳሙና ይሸታል። ስለ መጥረጊያው አልነገርኩትም። በስልክ የሚነገር አልነበረም፤ ፊት ለፊትም አፌ አልፈታ አለ። ያ ረጅም ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ አለ። እንዴት ብዬ እወስድበታለሁ?

ዛሬ አብረን ሱቅ ሄድን። ሻጯ ባለ ሃያውን መደርደሪያው ላይ አጋደመችው። ዮ. አነሣው። ፊቱ ሁሉ ተፈታ፤ ስንጋባ የነበረውን ልጅ አየሁት። ወደ ጣሪያው ጥግ አነጣጥሮ አቀባበለ። ያ ወፍራም ድምፅ። ሻጯም ፈገግ አለች። እኔ ብቻ ቆዳዬ በረደኝ። አንዴ መኪና ጋ እንሂድ፣ የምነግርህ አለ አልኩት።

በረዶው እየቀለጠ ነው። የተቀመጥንበት መኪና መስታወት ላይ ይንጠባጠባል፣ የቆመው ከተማ ይንቀጠቀጣል። ነገርኩት። መነጽሩን፣ ጥቁሩን ነገር፣ ጣቴን። ሁሉንም።

መጀመሪያ ተቆጣ።

"መነጽርሽን ከጎንሽ ታስቀምጫለሽ፣ አለቀ!" አለ። "እኔ ዊኒፔግ ሆኜ ምን ላድርግ? ሌላ ሰው ቤቴ ገብቶ ሚስቴን ገፍትሮ ሲወጣ፣ ምን ላድርግ? ንገሪኝ!"

"እኔም አላውቅም" አልኩት።

መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ ድምፁ ሌላ ሆኖ መጣ።

"ሌባው የመጣው በቀን ነው" አለ።

"አዎ።"

"በሌሊት ያን ደረጃ የሚወጣው እኔ ብቻ ነኝ።"

አየሁት። ዓይኑ መስታወቱ ላይ ነው።

"መብራት አላበራም" አለ። "ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ። በካልሲ ነው የምወጣው፣ ግድግዳውን ይዤ። ሐሙስም እንደዚያ ነው የገባሁት። እንዳልቀሰቅሳችሁ ብዬ።"

እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል። ብዙ ተቀመጥን። ሰው ቢያየን የተጣላን ይመስለው ነበር።

ወደ ሱቁ ብቻዬን ተመለስኩ። አልወስደውም፣ ይቅርታ አልኳት። ሻጯ ለምን አላለችም፤ ሰደፉን በጨርቅ ጠርጋ ቦታው መለሰችው። ለአንድ አፍታ አዘንኩለት። አልዋሽሽም፣ አዘንኩለት። ሰሃን ለመስበር ግን የረስ ጠመንጃ ይበቃኛል፤ በጸደይ እንደገና እንሄዳለን ብሎኛል፣ ሊዱም ልምጣ ብላለች።


ማርች 15፣ እሁድ፣ ከምሳ በፊት

ዮ. ጓሮ ነው። ሊዱ በአዲሱ መዝጊያ ላይ የሚጨመረውን ብረት ትይዝለታለች፤ እሱ ብሎኑን ያስገባል። እሱ በአማርኛ ያዝዛል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትከራከራለች። ተግባብተዋል።

ነገ የሹፌሮቹን መስመር የሚመድበውን ዲስፓቸር ሊያናግረው ነው፤ ወደ ኪንግስተንና ወደ ዊንዘር የሚሄደውን፣ በዚያው ቀን የሚመለሰውን መስመር ስጡኝ ሊል። ይሰጡታል ወይ አናውቅም። ረጅሙን መንገድ ይወደዋል፤ ሌሊት ላይ ሱፒሪየር ሐይቅን በግራው አድርጎ ሲነዳ የት እንዳለ ይጠፋዋል፤ ያንን ነው የሚተወው። እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ ሕልም ውስጥ የምኖረው።

እስከዚያ ግን ሦስታችንም ቁርስ ላይ ወስነናል። ዮ. ሲመጣ ከመንገድ ኮል ያደርጋል። ሲገባ ኮሪደሩን ያበራል፣ ስማችንን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ጫማውን ሳያወልቅ ደረጃውን እየረገጠ ይወጣል። በረዶም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን። እንቀሰቀሳለን። ምንጣፉን እኔ አጥባለሁ።