የዳክዬ ላባና የሰው ጸጉር

አቃቂ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ለምወድሽ እታለም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ። ይህን ወረቀት በፖስታ መላክ ስለፈራሁ፣ ሾፌሩ ጅብሪል ጭነት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሲወጣ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። አንብበሽ አቃጥዪው።

ላቦራቶሪያችን ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚመጣ የዳክዬ ላባ እንደሚመረምር ነግሬሽ ነበር። ላባ ሲበቅል ወፏ ከምትጠጣው ውሃ ማዕድኑን ይዞ ነው የሚያድገው፤ ዚንኩን፣ መዳቡን፣ ማንጋኒዙን። አቃጥለን አመዱን በአሲድ አሟሙተን ስንለካው፣ ላባው እዚሁ አቃቂ ይብቀል ከሩቅ አገር ይምጣ እንለያለን። ይህንኑ በውይይት ክበብ ሳስረዳ፣ ካድሬያችን አጥናፉ የሰው ጸጉርስ ብሎ ጠየቀኝ። ያው ነው አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

በሳምንቱ መጥቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጸጉር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አቃቂ በሰቃ ካለ አንድ ኪራይ ቤት፣ ከትራስና ከማበጠሪያ የተለቀመ ነው፤ ሰውየው አምልጦናል፤ ጫካ ከርሞ የመጣ መሆኑን አረጋግጪልኝ አለኝ። ጋዜጣውን ስገልጠው ከጥቁሩ መሀል ያ ነጭ ጸጉር አለ፤ እማዬ የወንድማችንን ግንባር እየዳበሰች "ጥጤ" የምትለው። ጋዜጣውን መልሼ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያንን ጸጉር አልነካሁትም። ከሻሼ ሥር የራሴን ቆርጬ አቃጠልኩና፣ የአቃቂ ውሃ ነው፤ ሰውየው ከዚህ ወጥቶ አያውቅም ብዬ ፈረምኩ። በዚህ የሚተዉት መስሎኝ ነበር። አጥናፉ ግን አንብቦ ፈገግ አለና፣ "ካልወጣማ እዚሁ መሀላችን ነው ያለው" አለኝ። በማግስቱ የቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። የጎረቤቴን የአስካለችን ልጅ ቀናውን ወሰዱት። ከክር ፋብሪካና ከቤቱ ሌላ መንገድ የማያውቅ ልጅ ነው።

አስካለች ትናንት መጥታ፣ "አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ የት እንዳደረሱት ጠይቂልኝ" ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እሺ አልኳት። ማንን እጠይቃለሁ? እውነቱን ባወጣ ቀናው ይፈታ ይሆናል፤ ፍለጋው ግን ወደ ቤትሽ ይዞራል።

እታለም፣ አንቺ ዘንድ ያረፈው እንግዳ ራሱን ይላጭ፤ ደጅም አይውጣ። ስለ ቀናው ግን አደራ፣ እንዳትነግሪው። ጠባዩን ታውቂዋለሽ፤ ከሰማ እጄን ልስጥ ብሎ ይመጣል።

አላህ ደጃፍሽን ከክፉ ዓይን ይሰውርልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ዱዓ ስታደርጊ ከእኔ በፊት የአስካለችን ልጅ ጥሪልኝ።

ታናሽ እህትሽ